ፕሮግራሞች ጽሑፍ ሲቀባበሉ፦ የጎደለው መንገድ ሳይሆን ስምምነት ነው

በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታይ ሥራ ነው። ሠራተኛዋ በአንድ በኩል የኤክሴል ዝርዝር፣ በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤቱን ሶፍትዌር ከፍታ ስም ኮፒ አድርጋ ትለጥፋለች፤ ተመልሳ የአባት ስም ኮፒ አድርጋ ትለጥፋለች፤ ከዚያ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሰው። ዝርዝሩ ረዘም ካለ ቀኑ በዚሁ ይመሻል። በመጨረሻ ለአይቲ ክፍሉ የሚቀርበው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ ሁለቱ ፕሮግራሞች ለምን ራሳቸው አይቀባበሉም?

ጥያቄው ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር እኩል ያረጀ ነው። መልስ ጠፍቶለት አይደለም፤ መልሱ በዝቶ ነው ያስቸገረው። ክሊፕቦርድ አለ፣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ አለ፣ የሰው ጣት መስሎ የሚተይብ ስክሪፕት አለ። ባለፉት ዓመታት ግን ነገሩ ተቀይሯል። ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ጽሑፍ እንዳሻው የሚያነብበትን በር እያጠበቡ መጥተዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ስክሪኑን እያዩ፣ ማውሱን እያንቀሳቀሱ የሰውን ሥራ የሚሠሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች ብቅ ብለዋል። በሩ ሲጠብ በመስኮት መግባት ተጀምሯል ማለት ነው።

ጽሑፍን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ማሻገር በራሱ ከባድ ሆኖ አያውቅም። የሚያስቸግረው ሰጪና ተቀባይ በሦስት ጥያቄዎች ላይ አለመስማማታቸው ነው። የተሻገረው ነገር ምንድን ነው? ማን ፈቀደው? መረጃ ነው ወይስ ትእዛዝ? ከሦስቱ አንዱ ሳይመለስ የተሠራ ማገናኛ ይዋል ይደር እንጂ መሰበሩ አይቀርም። የአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሚከተል በራሱ ፋይሎች አይቶታል።

በስምምነት የሚሄደውና በማስመሰል የሚሄደው

ኮፒና ፔስት ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተወለደው በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ነው። ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጂፕሲ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ሠሩት። አፕል በ1983 በሊሳ፣ በ1984 በማኪንቶሽ ወደ ገበያ አወጣው፤ በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስም ክሊፕቦርድ ነበረው።

ብዙ ሰው ክሊፕቦርድን አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚቀመጥበት ቦታ አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። ከወርድ አንድ አንቀጽ ኮፒ ሲደረግ ወርድ ያንኑ አንቀጽ በበርካታ መልክ ያቀርበዋል፦ ፎንቱና ቀለሙ እንደተጠበቀ፣ ለድረ ገጽ በሚሆን መልክ፣ ያለ ምንም ጌጥ በባዶ ጽሑፍ። ከቀረበለት ውስጥ የሚመርጠው ተቀባዩ ነው። ሌላ የወርድ ፋይል ሙሉውን ይወስዳል፤ ኖትፓድ ባዶውን ብቻ። በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ጸጥ ያለ ድርድር ይካሄዳል፤ ተጠቃሚው ግን የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው።

ፕሮግራመር ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በዊንዶውስ ላይ አንዱ ፕሮግራም ክሊፕቦርዱን ከፍቶ ሳለ ሌላው መክፈት አይችልም። ያልተሳካለት ስክሪፕት ጥቂት ጠብቆ እንደገና መሞከር አለበት፤ ይህን ያልጻፈ ሰው ሥራው አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የሚከሽፍ ይሆንበታል። በሊኑክሱ የመስኮት ሥርዓት በኤክስ11 ላይ ደግሞ የሚቀመጥ ነገር ራሱ የለም። ኮፒ ያደረገው ፕሮግራም የጽሑፉ ባለቤት ሆኖ ይቆያል፤ የሚያቀብለውም ተቀባዩ ሲጠይቀው ነው። ባለቤቱ ፕሮግራም ከተዘጋና ጽሑፉን ተረክቦ የሚያቆይ ሌላ ፕሮግራም ከሌለ ኮፒ የተደረገው አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ክሊፕቦርድ አንድ ነው፤ እሱም የተጠቃሚው ነው። ስክሪፕት በተጠቀመበት ቁጥር ሰውየው ለራሱ ኮፒ አድርጎ ያቆየውን ያጠፋበታል።

ስለዚህ ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚጠያየቁበት መንገድ ተፈለገ። በዩኒክስ ዓለም ዳግ ማክኢልሮይ ለዓመታት የወተወተበትን ሐሳብ ኬን ቶምሰን በ1973 ሠራው፤ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ለሚቀጥለው ግብዓት ሆኖ መፍሰስ ጀመረ። ማይክሮሶፍት በ1987 ዲዲኢን አመጣ። የዲዲኢ አድራሻ ሦስት ደረጃ አለው፦ ፕሮግራሙ፣ ርእሱ፣ የሚፈለገው ነገር። ለምሳሌ ኤክሴል፣ የሽያጩ ፋይል፣ ሁለተኛ ረድፍ ሦስተኛ ዓምድ ማለት ይቻላል። ጠያቂው "ሲቀየር ንገረኝ" ብሎ መመዝገብም ይችል ነበር፤ የአክሲዮን ነጋዴዎች የገበያ ዋጋን እየተከታተለ የሚቀያየር ኤክሴል የነበራቸው በዚሁ ነው። ቀጥሎ ኦኤልኢ መጣና ወርድንና ኤክሴልን ከውጭ ማዘዝ ተቻለ። አፕል በ1991 በሲስተም 7 አፕል ኢቨንትን፣ በ1993 አፕልስክሪፕትን አወጣ። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ሰጪው መጠየቁን ያውቃል፣ የሚሰጠውንም በስም ይጠራዋል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ማስመሰል ነው። ሰጪው ምንም አያውቅም። ስክሪፕቱ የሌላውን ፕሮግራም መስኮት ፈልጎ የጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ቃል ይከታል፣ ወይም ኪቦርድ የተመታ አስመስሎ ይልካል፣ ወይም የስክሪኑን ምስል አንስቶ ፊደሉን ለማንበብ ይሞክራል። መስኮቱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ፣ በመሀል "አዲስ ዝማኔ አለ" የሚል ሳጥን ብቅ ካለ፣ የሦስት መቶኛው ሰው ስም የስልክ ቁጥር ሳጥን ውስጥ ይገባል። እንዲያም ሆኖ በዚህ ላይ ግዙፍ ኢንዱስትሪ ቆሟል። በ2005 ቡካሬስት ውስጥ የተመሠረተው ዩአይፓዝ ሰው በስክሪን ላይ የሚሠራውን የሚደግሙ ሮቦቶችን እየሸጠ በ2021 ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ገብቷል። ደንበኛ ያገኘው ስምምነት የሌላቸው ፕሮግራሞች ስለበዙ ነው።

በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙም አይወራለትም። ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር እንዲጠቀሙ ሲባል መስኮቶች የውስጣቸውን ነገር በስም እንዲያሳውቁ ተደርገዋል፦ ይህ ቁልፍ ነው፣ ይህ "የአባት ስም" የሚል ሳጥን ነው፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው። ስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር የሚሠራበት ይህ መንገድ ለስክሪፕትም ያገለግላል። ሳጥኑን በቦታው ሳይሆን በስሙ ስለሚያገኘው መስኮቱ ቢንቀሳቀስም አይሳሳትም። ለአካል ጉዳተኛ ታስቦ በሚገባ የተሠራ ሶፍትዌር ለአውቶሜሽንም የተመቸ ሆኖ ይገኛል።

"ሰላም" ስትሻገር ምን ይገጥማታል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም የተሻገረው ነገር ምንድን ነው የሚለውን፣ በአንዲት ቃል ላይ ማየት ይቻላል። "ሰላም" በዩኒኮድ ሦስት ቁጥሮች ናት፦ 4656፣ 4619 እና 4637። የዛሬው ዊንዶውስ ሦስቱን ፊደላት በ6 ባይት፣ ማብቂያውን የሚያሳይ ዜሮ በ2 ባይት አድርጎ ክሊፕቦርድ ላይ ያኖራል። ተቀባዩ "የዩኒኮድ ጽሑፍ" ብሎ ከጠየቀ ሰላም በሰላም ትደርሳለች።

ተቀባዩ ግን አሮጌ ፕሮግራም ከሆነና የሚያውቀው የድሮውን "ተራ ጽሑፍ" ብቻ ከሆነስ? ዊንዶውስ ለመርዳት ሲል ራሱ ይለውጥለታል፤ ዩኒኮዱን ወደ አሮጌው የፊደል ሰንጠረዥ ያወርደዋል። ለሩሲያኛ፣ ለግሪክኛ፣ ለዐረብኛ፣ ለዕብራይስጥ እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች አሉት። ለአማርኛ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ለ"ሰ" የሚሆን ምትክ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ለ"ላ"ም ለ"ም"ም እንደዚሁ። ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ኮዱም ተሳክቶልኛል ይላል። ዳታቤዝ ውስጥ በጥያቄ ምልክት የተሞላ የስም ዓምድ ሲታይ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይህን የመሰለ የማይታይ "እርዳታ" ነው።

ሌላው የታወቀ ብልሽት መልኩ ይለያል። በፋይልና በኢንተርኔት በኩል ሲሆን "ሰላም" አብዛኛውን ጊዜ በዩቲኤፍ-8 በ9 ባይት ትጓዛለች፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት። ተቀባዩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ካነበበው ጭረት ያለባት የላቲን "ኤ" (á) በየመሀሉ እየተደጋገመች የምትታይበት ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ይወጣል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ መረጃው ጠፍቷል፤ ከምንጩ እንደገና ከማምጣት በቀር መላ የለውም። በላቲን ፊደል የተዝረከረከ ከሆነ ግን ባይቶቹ ብዙውን ጊዜ በቦታቸው ስላሉ በትክክለኛው ሰንጠረዥ እንደገና በማንበብ ሊድን ይችላል። ደንግጦ ፋይሉን አርሞ ሴቭ የሚያደርግ ሰው ነው የሚያጠፋው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ዘመን ያወረሰን ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ያበቁን ሶፍትዌሮች የተሠሩት አንድ ፊደል በአንድ ባይት በሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል በዚያ ውስጥ ስለማይበቃ ሠሪዎቹ ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ላይ ማከፋፈል ወይም ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ መሥራት ነበረባቸው። እያንዳንዱም የራሱን አደራደር ተከተለ። በጊዜው ብልሃት ነበር፤ ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በዚህ ነው።

ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛነቱ ያለው ፎንቱ ላይ ብቻ ነው። ከወርድ ወደ ወርድ ሲለጠፍ የፎንቱ ስም አብሮ ስለሚሄድ ምንም ችግር ያለ አይመስልም። ኖትፓድ፣ የብራውዘር ሳጥን ወይም ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ፎንቱ ይቀርና የማይነበብ ኮተት ይወጣል። አንድም ባይት መንገድ ላይ አልጠፋም። የጠፋው "ይህን በዚህ ፎንት አንብበው" የሚለው ስምምነት ነው።

ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካተተ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለሚጻፈው ችግሩ በመርህ ደረጃ ተፈትቷል። ለቆየው ፋይል ግን አልተፈታም። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የሚገባው ፎንቱን እንደያዘ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ሰነድ አንዴ ወደ ባዶ ጽሑፍ ከወረደ፣ አንዷ የላቲን ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል አካል ትሁን የአማርኛ ፊደል መደበቂያ ለመለየት ለዋጩ ፕሮግራም ምንም ምልክት አይኖረውም።

ፊደሉ በትክክል ከደረሰ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። ብዙ ሰው ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ሁለት ጊዜ "፡" እየመታ ነው። ለዓይን "፡፡" እና "።" አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የመጀመሪያው ሁለት ምልክት፣ ሁለተኛው አንድ ሌላ ምልክት ነው። ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል ፕሮግራም አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሙሉ ገጹን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። ስም ላይ ደግሞ ይብሳል። በአንዱ ፕሮግራም "ኃይሉ" ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሌላው "ሀይሉ" ከሆነ፣ "ሰላማዊት" በአንዱ "ሠላማዊት" ከሆነች፣ ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም። መፍትሔው የሰውን ስም እንደፈለጉ ማረም አይደለም። ባለቤቱ የጻፈው እንዳለ ይቀመጥና፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣ የመፈለጊያ ቅጂ በጎን ይያዛል።

ማስመሰሉ በአማርኛ ላይ ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ ችግር ያመጣል። የአማርኛ ኪቦርድ ሶፍትዌር የሚሠራው በላቲን ቁልፍ የተመታውን እየተቀበለ ወደ ፊደል በመቀየር ነው። ስክሪፕት የእንግሊዝኛ ስም ሲተይብ የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ስሙ ተቀይሮ ሊገባ ይችላል። በተቃራኒው፣ በፓይተን ስክሪፕት የሚጽፉ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፓይኦቶጂዩአይ የሚተይበው ኪቦርድ ላይ ቁልፍ ያለውን ፊደል ብቻ ነው፤ "ሰላም" ጻፍ ሲሉት አይሆንለትም። መላው ቃሉን ክሊፕቦርድ ላይ አኑሮ ኮንትሮልና ቪ መምታት ነው። በዚህም ወደ ክሊፕቦርዱ ችግር ተመልሰን እንገባለን።

ጽሑፍ ትእዛዝ ሲሆን

በሮቹ ለምን እየጠበቡ መጡ? መልሱ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም "ማን ፈቀደው?" እና "መረጃ ነው ወይስ ትእዛዝ?" በሚሉት ላይ ነው። በ1990ዎቹ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፕሮግራም ከተከፈተ ይታመን ነበር። ማንም ለማንም መስኮት መልእክት ይልካል፣ ማንም የማንንም ሳጥን ያነባል። በ2002 ዝቅተኛ መብት ያለው ፕሮግራም ከፍተኛ መብት ባለው ፕሮግራም የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ኮድ አስገብቶ ሊያስፈጽም እንደሚችል በዊንዶውስ ላይ በይፋ ታየ። ሳጥኑ የጽሑፍ ነው፤ የገባው ግን ትእዛዝ ሆነ። ቪስታ ሲመጣ ዝቅተኛው ለከፍተኛው እንዲህ ያለ መልእክት እንዳይልክ ተከለከለ። ዛሬም "አድሚኒስትሬተር" ሆኖ በተከፈተ ፕሮግራም ላይ ተራ ስክሪፕት መተየብ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ዲዲኢም በዚሁ ወደቀ። በ2017 አጥቂዎች በኢሜይል በሚላኩ የወርድ ሰነዶች ውስጥ የዲዲኢ ጥሪ እየደበቁ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ጀመሩ። የንግድ ሰዎች ዋጋ የሚቀባበሉበት መንገድ የቫይረስ መንገድ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ማይክሮሶፍት በዝማኔ ዲዲኢን ወርድ ውስጥ አጠፋው፤ ከተፈጠረ 30 ዓመት በኋላ። አፕል በ2018 ሞሃቪ በተባለው የማክ እትም አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ከማዘዙ በፊት ተጠቃሚው እንዲፈቅድ አስገደደ። በሊኑክስ ላይ ዌይላንድ የተባለው ምትክ የኤክስ11ን ልቅነት ዘጋው፤ አንድ ፕሮግራም በሌላው መስኮት ላይ የሚተየበውን መስማት ወይም በስሙ መተየብ እንዳሻው አይችልም። በጥቅምት 2025 የወጣው ኡቡንቱ 25.10 ዋናውን ዴስክቶፕ በዌይላንድ ብቻ አድርጎታል። ለዓመታት በኤክስ11 ላይ ሲሠሩ የነበሩ የትየባ ስክሪፕቶች እዚያ ላይ እንደ ድሮው አይሠሩም።

ክሊፕቦርድ ግን ዛሬም የተጋለጠ ነው። ክሊፕቦርዱን ተደብቆ የሚጠብቅ ቫይረስ አለ። የዲጂታል ገንዘብ አድራሻ የመሰለ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ኮፒ ሲደረግ ያይና በሌባው አድራሻ ይተካዋል፤ ሰውየው አንዱን ኮፒ አድርጎ ሌላውን ይለጥፋል። ከ2024 ወዲህ የተስፋፋው ማጭበርበር ደግሞ የባሰ ቀላል ነው። ድረ ገጹ "ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ" ይልና ክሊፕቦርዱ ላይ አደገኛ ትእዛዝ አኑሮ ዊንዶውስና አርን፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ቪን፣ በመጨረሻም ኢንተርን ምቱ ይላል። ቫይረሱን የሚያስገባው የተጠቃሚው የገዛ እጅ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ እነዚህን ቁልፎች ምቱ የሚል ማረጋገጫ ሁሉ ውሸት ነው።

ዊንዶውስ 10 በ2018 ያመጣው የክሊፕቦርድ ታሪክም መታሰብ አለበት። ተጠቃሚው ከፈቀደ ኮፒ የተደረጉ ነገሮች ይቆያሉ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት በኩልም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊሻገሩ ይችላሉ። ለግለሰብ ምቹ ነው። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ስም፣ የመታወቂያና የሒሳብ ቁጥር ኮፒ የምታደርገው ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን የሌላ ሰው መረጃ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ ይህ የአይቲ ክፍሉ ጣጣ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እንግዲህ በሩን ማጥበቡ ትክክል ነበር። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ልቅ የነበረው ሲዘጋ በደንብ የተሠራው በር አብሮ አልቀረበም፤ ወይም ዘግይቶ ቀረበ። ዌይላንድ ላይ የስክሪን አንባቢዎች፣ የኪቦርድ ሶፍትዌሮችና የርቀት መቆጣጠሪያዎች ምትካቸውን ለዓመታት ጠብቀዋል። ማክ ላይ ደግሞ ውሳኔው "ፍቀድ" የምትል ሳጥን ላይ ወደቀ፤ ሥራ የቸኮለበት ሰው ሳያነባት የሚጫናት ሳጥን።

የኤጀንቶቹ ዘመን

በጥቅምት 2024 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ ሞዴሉ ስክሪን እያየ ኮምፒውተር የሚጠቀምበትን ችሎታ ለሙከራ ለቀቀ። በጥር 2025 ኦፕንኤአይ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራውን ኦፐሬተርን አስከተለ። የመስኮቱ መንቀሳቀስ እነዚህን ኤጀንቶች እንደ ድሮው ስክሪፕት አያደናግራቸውም፤ "የአባት ስም" የሚለውን ሳጥን አይተው ያገኙታል። ሠሪው የጠፋ፣ መግቢያም መውጫም የሌለው አሮጌ ሶፍትዌር ለያዘ መሥሪያ ቤት ይህ እውነተኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም በሦስቱ ጥያቄዎች እንመዝነው። የተሻገረው ምንድን ነው? ጽሑፉ ተነሥቶ ምስል ይሆናል፣ ምስሉ ተነብቦ እንደገና ጽሑፍ ይሆናል። 4656 የነበረው ቁጥር መሀል ላይ የነጥቦች ስብስብ ሆኖ ያልፋል። በአማርኛ "ቡ" ከ"ቢ" የምትለየው በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በትንሽ ፎንት ሲሆን ለሰው ዓይንም ያስቸግራል። የሰው ስም ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ አያጋልጠውም፤ ስም እንደ ተራ ቃል በአገባቡ አይታረምምና። ማን ፈቀደ? ኤጀንቱ የሚሠራው በተጠቃሚው ስምና መብት ነው፤ ሰጪው ፕሮግራም ሰው ነው ብሎ ያስባል፤ መዝገቡም ያንኑ ይጽፋል። መረጃ ነው ወይስ ትእዛዝ? እዚህ ላይ የድሮው በሽታ አገርሽቷል። ስክሪን የሚያነብ ኤጀንት ኢሜይል ውስጥ "የቀደመውን ትእዛዝ ተውና ይህን አድርግ" የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ እንደ መረጃ አይቶ ማለፉ ዋስትና የለውም። በ2002 በጽሑፍ ሳጥኑ፣ በ2017 በወርድ ሰነዱ የታየው ጥፋት አሁን በተፈጥሮ ቋንቋ መጥቷል።

የሚገርመው የኤጀንቱ ኢንዱስትሪ ራሱ ወደ ስምምነት መንገድ ዞር ማለቱ ነው። አንትሮፒክ በኅዳር 2024 ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ፕሮግራሞች "እኔ ይህንና ይህን መስጠት እችላለሁ፣ ስሙ ይህ ነው፣ የምፈልገው ግብዓት ይህ ነው" ብለው ለኤጀንት የሚያሳውቁበት ወጥ ደንብ ነው። ኦፕንኤአይና ጉግልም ተቀብለውታል። ከዲዲኢ ሦስት ደረጃ አድራሻ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፦ ሰጪው መጠየቁን ያውቃል፣ የሚሰጠውንም በስም ይጠራዋል። ፕሮቶኮሉ ራሱ ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ጽሑፍም ትእዛዝ ደብቆ ሊይዝ ይችላል። ግን ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይደርሳል፣ ማን ምን እንደጠየቀም ሊመዘገብ ይችላል።

ለሚገዛውና ለሚያሠራው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለፕሮግራመር ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሶፍትዌር ለሚገዛው ነው። ዋጋው የሚወሰነው ውል ሲፈረም ነውና። ውሉ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሶፍትዌሩ የያዘውን መዝገብ ሁሉ በዩቲኤፍ-8 ፋይል ማስወጣትና ማስገባት መቻል አለበት፤ የእያንዳንዱ ዓምድ ትርጉም ተጽፎ። ሌላ ፕሮግራም በቀጥታ የሚጠይቅበት መግቢያ ከሰነዱ ጋር መሰጠት አለበት። የስክሪኑ ሳጥኖች ሁሉ ስክሪን አንባቢ የሚያገኘው ስም ይኑራቸው፤ ይህ ለዓይነ ስውሩ ሠራተኛ መብት ነው፣ ለአውቶሜሽን ደግሞ ጥርጊያ ነው።

ርክክብ ከመደረጉ በፊት ደግሞ የአማርኛ ደርሶ መልስ ፈተና ይሰጠው። "ሠ" እና "ሰ"፣ "ኃ" እና "ሀ"፣ "ሏ" እና "ኳ"፣ "።" እና "፡፡"፣ የግዕዝ ቁጥርም ያለበት አንድ ገጽ ይግባ፣ ይውጣ፣ የገባውና የወጣው በዓይን ሳይሆን በፕሮግራም ፊደል በፊደል ይመሳከር። አንድ የጥያቄ ምልክት ከተገኘ ርክክብ የለም። የድሮ ፎንት ያለባቸው ፋይሎችም ፎንቱ የተጫነበት የመጨረሻው ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ።

ስክሪፕት ለሚጽፈው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ በፋይል ወይም ፕሮግራሙ ራሱ በሚሰጠው መግቢያ፤ ከሌለ በስክሪን አንባቢው መንገድ፤ ከዚያ በክሊፕቦርድ፣ የተጠቃሚውን ኮፒ አስቀምጦ ሲጨርስ በመመለስ፤ ትየባን ማስመሰል ወይም ስክሪን የሚያነብ ኤጀንት በመጨረሻ። በየትኛውም ይሁን፣ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከተላከው ጋር ሳያመሳክር "ተሳክቷል" የሚል ስክሪፕት አይታመንም።

ኤጀንቱ ብልህ እየሆነ በሄደ ቁጥር "ሶፍትዌሩ መውጫ ባይኖረውስ፣ ኤጀንቱ ያወጣዋል" የሚል ፈተና ይመጣል። ገዢ ይህን ተቀብሎ ውሉን ከፈረመ፣ ሠሪው ያልሠራውን በር ዋጋ ለኤጀንቱ ኩባንያ በየወሩ ሲከፍል ይኖራል፤ በተሳሳተ ስም የተከፈለ ደሞዝና የጠፋ መዝገብ ሲመጣም ተጠያቂ የሚሆነው ራሱ ነው።